መርጫው የታጠበበትን ቦታ ማን ያስታውሳል?

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ጠዳ፣ አጎቴ ጓሮ ካለው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ቆሜ ነው። ጀመርኩት ማለቴ በእስክሪብቶ አይደለም፤ በንትርክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የእረፍት ጊዜ ቤተሰብ ልጠይቅ ወደ ጠዳ ሄጄ ነበር። ጠዳን ለማታውቁ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፋችሁ የምታገኟት ናት። በአንድ በኩል ከተማ፣ በሌላ በኩል ገጠር ናት። የእኛ ሰፈር ሰው ግማሹ ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ፣ ግማሹ ገበሬ ነው። አጎቴ ከገበሬዎቹ ወገን ነው። በክረምት ጤፍ ይዘራል፤ በበጋ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ያለማል።

በደረስኩ በማግስቱ ጠዋት ጀሪካን ይዤ ወደ ጉድጓዱ ስሄድ አጎቴ ቀድሞኝ ተገኘ። በጀርባው የሚያዝለውን የመድኃኒት መርጫ፣ ሰፈራችን «ፓምፕ» የሚለውን፣ ከጉድጓዱ አፍ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት አስቀምጦ ያጥባል። የሰባት ዓመት ልጁ በጣሳ ውሃ እየቀዳ ያፈስለታል። ከመርጫው የወጣው ነጣ ያለ ውሃ መሬቱ ላይ ትንሽ ተንሸራተተና በጉድጓዱ ዙሪያ ወደተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ገብቶ ጠፋ። ልብ አድርጉልኝ፤ ወደ ቦይም ወደ ወንዝም አልፈሰሰም። እዚያው ጠፋ።

እኔ ልጅ ሆኜ በጀሪካን እየቀዳሁ ያደግኩት ያንን ውሃ ነው። አያቴ ዛሬም ቡና የሚያፈሉት በእሱ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው እዚህ ታጥበዋለህ? የምንጠጣው ውሃ አይደል እንዴ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ኮሌጅ ገባሽ እንጂ እዚሁ ነው ያደግሽው። ይህን ያህል ዘመን እዚሁ ስናጥብ ኖረናል። እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ሞተ?»

መልስ አጣሁ። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ለልጁ የማያስብ ሰውም አይደለም። የጠየቀኝ ጥያቄም የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ጀሪካኔን ሞልቼ ዝም ብዬ ተመለስኩ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ልመልስለት ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

መድኃኒት የምንለው መርዝ

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። ገበሬው ፀረ ተባይና ፀረ አረም ኬሚካሎችን ሁሉ «መድኃኒት» ነው የሚላቸው። «መድኃኒት ረጨሁ»፣ «መድኃኒት ገዛሁ» ይላል። ለሽንኩርቱ በእርግጥም መድኃኒት ነው፤ ትሉን ይገድልለታል። ነገር ግን መድኃኒት የሚባል ነገር ማንም ሰው በጥርጣሬ አያይም። መድኃኒት የተጠራቀመበትን ዕቃ ጉድጓድ ዳር ማጠብ ሳሕን እንደማጠብ ቀላል ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው ነገር «ማን ሞተ?» የሚለው ነው። ፀረ ተባይ በብዛት የጠጣ ሰው ወዲያው ሊሞት እንደሚችል በየሰፈራችን ያልሰማ የለም። ይህ ዓይነቱ ሞት ይታያል፤ ለቅሶ ይቀመጡለታል። በውሃ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየሆነ ለዓመታት የሚገባው ግን እንዲህ አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ማላታይንንም ዲዲቲንም ለሰው ልጅ ካንሰር አምጪ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው ከተባሉት ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ካንሰር ደግሞ ሲመጣ «እኔ ከጉድጓዱ ነው የመጣሁት» ብሎ አይናገርም። ስለዚህ «ማን ሞተ?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «ማንም አልሞተም» ሳይሆን «ማንም አልቆጠረም» የሚል ነው። አባቶቻችን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

«ታዲያ መርጫ ውስጥ የሚቀረው እኮ ትንሽ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እስቲ አብረን እናስላው። ለጤፍና ለስንዴ አረም በሰፊው የሚረጨው «ቱ ፎር ዲ» ብዙ ጊዜ በገበያ ላይ የሚገኘው በአንድ ሊትር ውስጥ 720 ግራም መርዝ ይዞ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው መመሪያ ደግሞ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ30 ማይክሮ ግራም በላይ ቱ ፎር ዲ እንዳይኖር ይላል። አንድ ማይክሮ ግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አሁን ጠርሙሱ ሥር ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር ቀረ እንበል። ይህ 7.2 ግራም መርዝ ነው። ይህን ከመመሪያው በታች ለማድረግ 240,000 ሊትር ንጹህ ውሃ ያስፈልጋል። በሃያ ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 12,000 ጀሪካን ነው! በሁለት የሻይ ማንኪያ!

በእርግጥ የታጠበው ሁሉ ወዲያው ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። አፈር ብዙውን ይይዛል፤ በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ነፍሳትም ይበሉታል። ቱ ፎር ዲ ለም አፈር ላይ ሲያርፍ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይፈርሳል። ችግሩ ግን ይህ የሚሆነው ማሳ ላይ ስስ ሆኖ ሲረጭ ነው። አንድ ቦታ ላይ በየሳምንቱ፣ በየዓመቱ ሲደፋ አፈሩ ይጠግባል። እንደ ዲዲቲ ያሉት ደግሞ ከአፈር ጋር ተጣብቀው ለብዙ ዓመታት ሳይጠፉ ይቆያሉ፤ ጎርፍ አፈሩን ሲያነሳው አብረው ይሄዳሉ። ሌሎቹ ከውሃ ጋር በቀላሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከላይኛው አፈር አልፎ ጨለማና አየር የሌለበት ቦታ የደረሰው ደግሞ የሚበላው ነፍሳት ስለማያገኝ ዕድሜው ይረዝማል።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ጥቁር አፈር የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ያብጣል፣ ጫማ ይዞ አይለቅም። በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ገበሬው በመስኖ አትክልት የሚያለማውና መርጫ የሚያጥበው ደግሞ በበጋ ነው። ያን ጊዜ የሚደፋው ውሃ በአፈሩ ተጣርቶ የመውረድ ዕድል የለውም። በስንጥቁ ቀጥታ ነው የሚወርደው። እኔ ቆሜ ያየሁት «መጥፋት» ይኼው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ውሃ ካፈላነው ወይም ውሃ አጋር ከጨመርንበት ከሁሉም ነገር የጸዳ ይመስለናል። እነዚህ የሚጠቅሙት ለተሕዋስያን ነው። ፀረ ተባይን በማፍላት ማስወገድ አይቻልም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የማይተነው መርዝ በቀረው ውሃ ውስጥ ይበዛል። አንዴ ከገባ ማውጣቱ ከባድ ነው፤ አለማስገባቱ ግን ቀላል ነው።

«ታዲያ የት ልጠበው?»

የዚያኑ ዕለት ማታ የመድኃኒቱን ጠርሙስ አነሳሁና ጽሑፉን አነበብኩት። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ፊደሉም ጉንዳን ያህል ነው። አጎቴ አማርኛ ያነባል፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቅም። እኔ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ እያስጠጋሁ ተረጎምኩለት። ዕቃ ስታጥብ ውሃ እንዳትበክል ይላል። ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አለቅልቀህ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምረው ይላል። ጠርሙሱን ለሌላ ነገር አትጠቀምበት ይላል።

አጎቴ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ይህ ሁሉ እዚህ ላይ ተጽፎ ነው?» አለ። «አዎ» አልኩት። ትንሽ አሰበና ሁለተኛውን ጥያቄ አመጣ። «ጥሩ። ታዲያ የት ልጠበው? ማሳው ጋ ውሃ የለም። ውሃ ያለው እዚህ ነው። ወንዝ ልውሰደው?»

እውነቱን ልናገርና፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ይልቅ የከበደኝ ይኼኛው ነው። «እዚህ አትጠብ» ማለት ቀላል ነው። «እዚያ እጠብ» ብሎ ያሳየው ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። መድኃኒቱን የሚሸጥለት ሰው ስለ ዋጋው እንጂ ስለ እጣቢው አልነገረውም። ስንት ሊትር ለስንት ቃዳ እንደሚረጭ የነገረው ሰው አለ፤ ከረጨ በኋላ ምን እንደሚያደርግ የነገረው ግን የለም። ስለዚህ ገበሬውን መውቀስ ለእኔ አይዋጥልኝም።

መልሱ ግን አለ፤ ውድም አይደለም። ገበሬው ወደ ማሳ ሲሄድ አንድ ጀሪካን ንጹህ ውሃ አብሮ መያዝ ነው። ረጭቶ ሲጨርስ ጥቂት ውሃ መርጫው ውስጥ ይጨምራል፤ ይንጣል፤ ያንኑ እጣቢ እዚያው የረጨው ማሳ ላይ መልሶ ይረጨዋል። ይህን ሦስት ጊዜ ያደርጋል። ጠርሙሱንም ልክ እንደዚሁ አለቅልቆ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ይገለብጣል። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው መድኃኒት ጉድጓድ ከሚገባ ሽንኩርቱ ላይ ቢያርፍለት ይሻለዋል። ከዚያ ጠርሙሱን በስቶ ማንም ዘይት ወይም ጋዝ እንዳይቀዳበት ማድረግ ነው።

መርጫቸው ብዙ የሆኑ ገበሬዎች ደግሞ በጋራ አንድ ማጠቢያ ሊኖራቸው ይችላል። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመሩት አንድ ዘዴ አለ። መሬት ይቆፈርና ግማሹ ገለባ፣ አንድ አራተኛው አፈር፣ አንድ አራተኛው ደግሞ ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ዕፅዋት ተደባልቆ ይሞላል፤ ላዩ ላይ ሣር ይበቅልበታል። መርጫ የሚሞላውም የሚታጠበውም እሱ ላይ ነው። ገለባውን የሚያበሰብሱት ሻጋታዎች መርዙንም አብረው ይሰባብሩታል። የረግረጉን ዕፅዋት በሌሎች አገሮች በብስባሽ ተክተውታል። ገለባ ደግሞ በጎንደር ዙሪያ ብርቅ አይደለም። ከጉድጓድ፣ ከምንጭና ከወንዝ የራቀ ቦታ መምረጥና እጣቢው ወደ ታች እንዳይሰርግ ሥሩን ማበጀት የቀበሌና የግብርና ባለሙያ ሥራ ነው። አንድ ቀበሌ ለገበያ ቦታ፣ ለቀብር ቦታ፣ ለከብት መዋያ ቦታ ይለያል። ለመርጫ ማጠቢያ የማይለይበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዛፉ ሥር የነበረው

እስካሁን የተናገርኩት ዛሬ ስለሚታጠበው ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ድሮ ስለታጠበው የሰማሁት ነው።

እኔና አጎቴ በጠርሙሱ ስንከራከር ቡና ሊጠጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሲያዳምጡን ቆዩና «ልጄ፣ መርጫ ማጠብ ዛሬ የመጣ መሰለሽ?» አሉኝ። ከዚያ በደርግ ጊዜ ተምች በመጣ ቁጥር ረጪዎች በመኪና ይመጡ እንደነበር አጫወቱኝ። በርሜሎቻቸውን ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ያወርዳሉ። መድኃኒቱን የሚበጠብጡት እዚያ ነው። ማታ ሲመለሱ ሞተር መርጫዎቻቸውንና ልብሳቸውን የሚያጥቡትም እዚያው ነው። «ሽታው ሳምንት ሙሉ አይለቅም ነበር። ያን ጊዜ እዚያ ሣር አይበቅልም፤ ልጆችም እንዳይሄዱ ይከለከሉ ነበር» አሉኝ።

ቦታውን በእጃቸው አሳዩኝ። ዛፉ የለም። ዛፉ በነበረበት አካባቢ አሁን ቤቶች ተሠርተዋል። ከቤቶቹ አንዱ ጓሮ ውስጥ የእጅ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ከሌላ ቦታ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ስለዛፉም፣ ስለ በርሜሉም፣ ስለ ረጪዎቹም ማንም አልነገራቸውም። ማን ይንገራቸው? በየትም ወረቀት ላይ አልተጻፈማ!

እዚያ ጉድጓድ ውስጥ መርዝ አለ እያልኩ አይደለም። ሳይለካ «አለ» ማለትም «የለም» ማለትም ሁለቱም ውሸት ነው፤ ይህን ደግሞ ከትምህርታችን የመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ የተማርነው ነው። የምለው ሌላ ነው። ቦታውን የሚያውቁት ሽማግሌ እድሜያቸው ሰማንያ ሊሞላ ምንም አልቀረው። እሳቸው ሲያልፉ ያ ቦታ እንደማንኛውም ቦታ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የት መለካት እንዳለበት እንኳ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

አካባቢያችን ከእነዚህ ኬሚካሎች ጋር ያለው ታሪክ ደግሞ አጭር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚገመት ሰው ፈጅቷል። በተከታዩ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ወረርሽኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ በአገሪቱ ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢዎች 150,000 ያህል ሰው በወባ አልቋል። በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲም በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይረጭ ጀመር። ዲዲቲ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን መካድ ምስጋና ቢስነት ነው። ምናልባት የእኔም አያቶች በእሱ ተርፈው ይሆናል። በአገራችን ለወባ መረጨቱ የቀረው የወባ ትንኝ ስለተላመደችው በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በአገር አቀፍ ደረጃ የተረጨ ነገር ለግማሽ ምዕተ ዓመት የሆነ ቦታ ላይ ሲታጠብ ኖሯል ማለት ነው። ጠቃሚ መሆኑ የታጠበበትን ቦታ እንድንረሳ ምክንያት አይሆንም።

አገራችን ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አንድ ትልቅ ሥራ ሠርታ ታውቃለች። ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለጥጥና ለወባ ተብለው በየጊዜው ገብተው ጊዜያቸው ያለፈባቸው ኬሚካሎች በየመጋዘኑ ተከማችተው፣ በርሜላቸው ዝጎ ይፈስ ነበር። ኢትዮጵያ በዚህ ክምችት ከአፍሪካ አገሮች መካከል ከፊት ከሚጠቀሱት አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው እየታሸገ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተወስዶ ተቃጥሏል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን በርሜል ይታያል፤ ይቆጠራል፤ መኪና ላይ ይጫናል። መሬት ላይ የታጠበ መርዝ ቁጥር የለውም። መርከብም አይጭነውም። የሚጠበቀው በማስታወስ ብቻ ነው።

መዝግቦ መያዝ

ይህ የእኔ ሕልም ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ በሚባለው ግዛት ሰሜን ምሥራቅ ክፍል ከብቶች መዥገር እንዳይዛቸው በመርዝ ገንዳ ውስጥ ይነከሩ ነበር። መጀመሪያ በአርሴኒክ፣ በኋላም በዲዲቲና በሌሎች። ገንዳው ሲቆሽሽ ይደፋ የነበረው አጠገቡ ካለው መሬት ላይ ነው። ገንዳዎቹ ሥራ ካቆሙ በኋላ ከተሞች እየሰፉ ሲመጡ ሰው በላያቸው ቤት ይሠራ ጀመር። መንግሥት ምን አደረገ? ከ1,600 በላይ የሆኑትን የገንዳ ቦታዎች ዘርዝሮ መዘገባቸው። ዛሬ ዝርዝሩን ማንም ሰው ማየት ይችላል። በዚያ አካባቢ መሬት የሚገዛ ሰው ከመግዛቱ በፊት ሥሩ ምን እንደነበር የማወቅ ዕድል አለው።

ሁሉንም ቆፍረው አላጸዱትም፤ ያ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። መመዝገብ ግን ይቻላል። እኛም ጋ ፀረ ተባይን በውሃ ውስጥ የሚለካ መሣሪያ ውድ ነው፤ ሁሉንም ጉድጓድ በአንድ ጊዜ መርምሩ ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው ዝርዝሩ የሚያስፈልገው። የት መጀመር እንዳለበት የሚያውቅ ጥቂት ናሙና ወስዶ ብዙ ነገር ይረዳል። የማያውቅ ግን ገንዘቡን በከንቱ ይጨርሳል።

ሕጉስ? ሕግ አላጣንም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹህና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። የጎደለው በአዋጁና በአጎቴ ጉድጓድ መካከል ያለው መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የግብርና ባለሙያው አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አለች፣ የቀበሌው አስተዳደር አለ። ከተማው ወደ ጠዳ እየተለጠጠ ባለበት ጊዜ ቦታ የሚሰጠው ክፍልም አለ። ለአንድ ሰው የመኖሪያ ቦታ ሲሰጥ «እዚህ ቦታ ላይ ድሮ ምን ነበር?» ብሎ ሁለት ሽማግሌ መጠየቅ ስንት ብር ያስወጣል?

የእኛስ ድርሻ?

«ሰላም ባጣንበት፣ ኑሮ በተወደደበት፣ ቧንቧ ውሃ እንኳ በወረፋ በሚመጣበት ጊዜ ስለማይታይ መርዝ ታወሪያለሽ?» ያለኝ የክፍል ጓደኛዬ አለ። ልክ ነው፣ የጎንደር ሕዝብ የውሃ ችግር ለማንም አዲስ አይደለም። ነገር ግን የቧንቧው ውሃ በጠፋ ቁጥር ሰው የሚሮጠው ወዴት ነው? ወደ ጉድጓድና ወደ ምንጭ አይደለም እንዴ? መጠባበቂያችንን ማበላሸት በችግር ላይ ችግር መጨመር ነው።

ጋዜጠኛ ልንሆን የምንማር ልጆች ደግሞ ዜና ማለት አደጋ የደረሰበት ነገር ብቻ እየመሰለን መጥቷል። በሕንድ የቦፓልን ታሪክ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 ዩኒየን ካርባይድ ከተባለው የፀረ ተባይ ፋብሪካ በሌሊት ባመለጠ ጋዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ቦፓል ገባ። ነገር ግን ራጅኩማር ኬስዋኒ የሚባል የከተማዋ ጋዜጠኛ ፋብሪካው አደገኛ መሆኑን በትንሽዬ ጋዜጣው ላይ መጻፍ የጀመረው ከአደጋው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1982 ነው። የሰማው አልነበረም። ከጋዙ በኋላም ቢሆን ሌላ ታሪክ ቀረ። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ የተጣለው የኬሚካል ዝቃጭ ቀስ እያለ የአካባቢውን ከርሰ ምድር ውሃ በከለ። ያንን ውሃ የጠጡት ሰዎች ጉዳይ የዚያችን ሌሊት ያህል ካሜራ አላገኘም። ፈጣኑ አደጋ ዜና ሆነ፤ ቀርፋፋው ግን ወሬ ሆኖ ቀረ።

የእኛ ነገር ቦፓል አይደለም፤ አላጋንነውም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል። ቀርፋፋውን ነገር ካሜራ ሳይመጣ በፊት የሚጽፈው የአገሩ ልጅ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ዜና ለማግኘት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቁጭ ማለት ይበቃል።

ስለዚህ ለክፍላችን ልጆችና ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን በሰፈራችን ሦስት ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። መርጫ የት ይታጠብ ነበር? መድኃኒት የት ይበጠበጥ ነበር? በርሜሉ የት ተጣለ? ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ምን አለ? የተናገሩትን እንጻፍ፤ የተናገሩት እንጂ የተረጋገጠ እንዳልሆነም እንጻፍበት። ከደንቢያ፣ ከማክሰኚት፣ ከደባርቅ፣ ከመተማ የመጣን ልጆች እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ነን። በአንድ ዓመት ውስጥ ማንም ያልያዘው ዝርዝር በእጃችን ይገባል። ከዚያ ዝርዝሩን ለሚመለከታቸው እንስጥ፤ በየከተማችን ላሉት የሬድዮ ጣቢያዎችም እናካፍል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ወደ ኮሌጅ በምመለስበት ቀን ጠዋት አጎቴ መርጫውን አዝሎ በአንድ እጁ ጀሪካን አንጠልጥሎ ሲወጣ አገኘሁት። ጀሪካኑን እያየሁ ፈገግ ስል አየኝና «ምን ያስቅሻል? ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ አምኜበት አይደለም» አለኝ። ልጁ ጣሳውን ይዞ ሊከተለው ሲል «አንተ ተመለስ» ብሎ ከልክሎታል።

ለጊዜው ይህ ይበቃኛል። የሰፈሬን ዝርዝር ጀምሬዋለሁ፤ እስካሁን ሦስት ቦታ መዝግቤያለሁ። የመጀመሪያው ከዛፉ ሥር የነበረው ነው። ሁለተኛው ከወንዙ ማቋረጫ አጠገብ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ሦስተኛው የአጎቴ ጓሮ ነው።